የሎሚው ቢራቢሮ

እናቶቼ፣ እኅቶቼ፣ ወንድሞቼ፤ ከቡሬ፣ ከጅጋና ከየገጠሩ መንገድ አቋርጣችሁ እዚህ ፍኖተ ሰላም ድረስ የመጣችሁ ሁሉ፤ ዛሬ የምናገረው በመርፌ፣ በክርና በዶቃ አበባና ቢራቢሮ ስለ መሥራት ነው። ከአዳራሹ ኋላ የተቀመጣችሁ ወጣት ወንዶች ነገሩ የሴት ሥራ ነው ብላችሁ እንዳትነሡ እለምናለሁ። በገበያ ቀን ከሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግቶ የቀሚስ አንገት ሲጠልፍ የሚውለው ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው።

ነገሩን ከአክስቴ ልጀምር። የመጀመሪያውን የትራስ ልብስ ስጠልፍ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በነጭ አቡጀዴ ላይ፣ መሐሉን አንድ ትልቅ ጽጌረዳ፣ በአራቱ ማዕዘን አራት ሐምራዊ ቢራቢሮ። ንድፉን የቀዳሁት ከጎረቤታችን ልጅ ነው። እሷ ከሌላ ልጅ ቀድታዋለች፤ ያችኛዋ ደግሞ በካርቦን ወረቀት ከአንድ የውጭ መጽሔት ላይ አንስታዋለች። ሰው ሁሉ አይቶ አደነቀልኝ። አክስቴ ግን መሶብና ሰፌድ ስትሰፋ የኖረች፣ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ነበረች፤ ጨርቁን ወደ ደጁ ብርሃን አዞረችና ዝም ብላ አየችው። ከዚያ «ልጄ፣ ይኼ ቢራቢሮ አይበርም» አለችኝ።

«ለምን እትዬ?»

«ክንፉን ሆዱ ላይ ሰፍተሽበታል። ክንፍ ከደረት ነው የሚወጣ። ዶሮ ሲገነጠል አላየሽም?»

በማግስቱ ከጓሯችን ሎሚ ሥር አስቀምጣኝ «ቢራቢሮ እስኪያርፍ ጠብቂ» አለችኝ። ጠዋቱን ሙሉ ጠበቅሁ። ሲያርፍ አየሁት። መደቡ ጥቁር ነው፤ በጥቁሩ ላይ ቢጫ ጠቃጠቆ ተበትኗል፤ ከኋለኛው ክንፍ ላይ ደግሞ ቀይና ሰማያዊ የተቀላቀለበት ዓይን የሚመስል ነጠብጣብ አለ። አራቱም ክንፎች ከደረቱ ነው የሚነሡት፤ ሆዱ ብቻውን ወደ ኋላ ተዘርግቷል። ያን ቢራቢሮ ከተወለድኩ ጀምሮ በየቀኑ አጠገቡ አልፌያለሁ። ሐምራዊ ቢራቢሮ ግን በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም ነበር። የማላውቀውን ጠልፌ የማውቀውን ትቼዋለሁ።

ልነግራችሁ የመጣሁትም ይህንኑ ነው። ከመርፌ በፊት ማየት ይቀድማል። የምንጠልፈውን አበባና ቢራቢሮ ከሌላ ሰው ጨርቅ ላይ መቅዳት ትተን ከገዛ ማሳችንና ጓሯችን እንውሰድ።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። «ጠለፈ» የሚለው ግስ በአማርኛ ብዙ ሥራ ተጥሎበታል። ሴቲቱ ጨርቅ ትጠልፋለች። ገበሬው ወንዝ ጠልፎ ወደ ማሳው ይመልሳል፤ በመንግሥት ወረቀት ላይም «የወንዝ ጠለፋ» ተብሎ ይጻፋል። መንገደኛውን ሐረግ እግሩን ይጠልፈዋል። ሁሉም ጋ ያለው አሳብ አንድ ይመስለኛል፤ በራሱ መንገድ የሚሄደውን ነገር ይዞ ወደ ሌላ አቅጣጫ መመለስ። እኛ የጎጃም ሰዎች ይህን በውሃ እናውቀዋለን። ከመራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያጠጣ ታስቦ ከመሠራቱ ከብዙ ዘመን በፊት አባቶቻችን በድንጋይና በሣር ምንጭ ጠልፈው ጓሮ ያጠጡ ነበር። ጥልፍም እንደዚያው ነው። ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ክር አጥፈን፣ አዙረን፣ ቋጥረን አበባ ወዳለበት እንመልሰዋለን።

ይሁን እንጂ ቃሉ ሌላም ትርጉም አለው፤ ሳልጠቅሰው ማለፍ አልችልም። ልጃገረድም ትጠለፋለች። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመናት በዚህ አገር ብዙ ነጭ የትራስ ልብስ በሕፃን ልጅ እጅ ተጠልፎ፣ ከልጅቱ ጋር ወደማታውቀው ቤት ሄዷል። ከመርፌው ጋር አብሮ የተሰጣት ትምህርት አንገት መድፋት ነበር። ዛሬ ለልጆቻችን መርፌ ስንሰጥ ያንን የቀድሞውን ትምህርት አብረን እንዳንሰጣቸው እንጠንቀቅ። መርፌውን ይያዙ፤ ደብተሩንም ይያዙ።

ወደ ሥራው ልመለስ። ጎጃም ለዚህ ጥበብ እንግዳ አይደለም። መርፌ ከመያዛችን በፊት ወስፌ ይዘናል። አክርማና ስንደዶ ለቅማ፣ ቀለም ነክራ፣ ወስፌዋን እየወጋች መሶብ የምትሰፋ ሴት የምትሠራው ሥራ በመሠረቱ ጥልፍ ነው፤ የምትቆጥረውም እንደ ጠላፊዋ ነው። ስፌቱ ዙር በዞረ ቁጥር ክቡ ይሰፋል፤ ክቡ ሲሰፋ የቀለሙ ቁጥር መጨመር አለበት፤ አንዱን ከሳተች የመሶቡ ኮከብ ይጣመማል። አክስቴ ወረቀት ላይ አንድ ቁጥር ሳትጽፍ ይህን ሁሉ በራሷ ትይዘው ነበር። የቢራቢሮዬን ስሕተት ባንድ ዕይታ ያገኘችው በዚህ ምክንያት ነው እላለሁ።

በጳጉሜን መጨረሻ፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ የጎጃም ልጃገረዶች ወደ መስክ ወርደው እንግጫ ይነቅላሉ፤ ከአደይ አበባ ጋር ጎንጉነውም ወደ ቤት ይዘውት ይገባሉ። የእንቁጣጣሽ ዘፈናቸውም ስለ አበባ ማየት ነው። አንዷ እንግጫውን ስትጎነጉን ጣቶቿን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሣሩን በሦስት ትከፍላለች፤ አበባዋን በየመሐሉ ትሰካለች፤ ታጠብቀዋለች። ማንም በትምህርት ቤት አላስተማራትም። በዓሉ ሲያልፍ አበባው ይደርቃል፤ ሣሩም ይጣላል። ክርና ዶቃ የሚጨምሩልን ነገር ቢኖር ዕድሜ ብቻ ነው።

ስለ ጥልፍ ዕድሜ ሳስብ ሁልጊዜ የምትመጣብኝ አንዲት ቀሚስ አለች። የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩነሽ ናት፤ ጥሩወርቅ ውቤ እያልንም የምንጠራቸው፣ የልዑል ዓለማየሁ እናት። ቀሚሲቱ የጥጥ ናት፤ በሐር ክር ተጠልፋለች። እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ስትወድቅ ከሌላው ንብረት ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደች። እቴጌይቱ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ በዚያው ዓመት በመንገድ ላይ ዐረፉ፤ ልጃቸው ዓለማየሁም እ.ኤ.አ. በ1879 በባዕድ አገር ሞተ። ቀሚሲቱ ግን ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አለች፤ ሙዚየሙ የመቅደላን 150ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 በከፈተው ዐውደ ርእይ ላይ ለሕዝብ አሳይቷታል። ክሩ ከለባሿም፣ ከልጇም፣ ከመንግሥቱም በላይ ኖረ። ባለቤቷን እናውቃለን፤ የወሰዱትንም እናውቃለን። የጠለፈው እጅ ግን ስም የለውም። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ወዲህ የመጣውን በአጭሩ ልለፈው። በአባቶቻችንና በእናቶቻችን ዘመን የእጅ ሥራ በየትምህርት ቤቱ ይሰጥ ነበር። ዳንቴል በኪሮሽ መሥራት የልጃገረድ ሁሉ ሥራ ሆነ፤ ራዲዮው፣ ጠረጴዛው፣ የሶፋው ጀርባ ሳይቀር ዳንቴል ለበሰ። ከዚያ የስፌት መኪና ጥልፍ መጣ፤ ቀጥሎም በኮምፒውተር የሚታዘዝ የጥልፍ መኪና። አሁን ደግሞ ጥበብ መስሎ በቀለም የታተመ ጨርቅ በጥቅል ከውጭ ይገባል። በመኪና የሚጠልፉትን አልወቅስም፤ እንጀራቸው ነው፤ ብዙዎቹም ባለሙያዎች ናቸው። የታተመውን ጨርቅ ግን አልወደውም። ጥልፍ ያልሆነ ነገር ጥልፍ መስሎ ሲሸጥ የእናቶቻችንን ድካም ያረክሳል።

አሁን ወደ ዶቃው። ዶቃ ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። በ1ኛው ክፍለ ዘመን በግሪክ ቋንቋ የተጻፈ አንድ የቀይ ባሕር ነጋዴዎች መመሪያ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ልዩ ልዩ የብርጭቆ ጠጠሮችን ይቆጥራል። ኋላም የቬኒስ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1291 የብርጭቆ ምድጃዎቻቸውን ሙራኖ ወደምትባል ደሴት አዛውረው ለዓለም ሁሉ ዶቃ ሠሩ፤ በቼክ አገር ያብሎኔትስ የምትባል ከተማም ለብዙ ዘመን እንዲሁ። ከዚያ የመጣው ብርጭቆ በግመልና በበቅሎ እስከ ቦረና፣ እስከ ሐመር ደረሰ። የኦሮሞ እናቶች ጨሌያቸውን፣ የሐመር ሴቶች በቆዳ ላይ የሰፉትን ዶቃ ያየ ሰው፣ ይህ ጥበብ በአገራችን ውስጥ ምን ያህል እንደ ጠለቀ ለመረዳት መጽሐፍ አያሻውም። እኛ ጋ ግን ጨሌ ሲባል ብዙ ሰው የዛር ነገር ትዝ ይለዋል፤ አንዳንድ እናቶች ልጃቸው ዶቃ ስትይዝ የሚከፋቸውም ለዚህ ነው። ሥጋታቸውን አከብራለሁ። እኔ ዛሬ የያዝኩት ከብርጭቆ የተሠራ፣ ስፋቱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ቀለም ብቻ ነው።

ፈረንሳዮች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዶቃ በቀጭን ሽቦ ላይ እየሰኩ አበባ ይሠሩ ነበር፤ የመቃብር አክሊል ያደርጉት ነበር፤ ዝናብና ፀሐይ ስለማያጠወልገው። ዛሬ የምናሳየው የሽቦ ሥራ የዚያ ዘመድ ነው። በአዲስ አበባም እንጦጦ ግርጌ ያሉ ሴቶች የጥይት ቀለህ ቀልጦ ከሚወጣው ናስ በተሠራ ዶቃ የአንገት ጌጥ ይሠራሉ። የፈረንሳዮቹን ያነሣሁት ለማወዳደር ነው፤ የእንጦጦውን ግን አንድ ቀን ሄዳችሁ እንድታዩት እመክራለሁ።

እስካሁን ያልነገርኳችሁ ትልቁ ነገር ይኸው ነው። ቢራቢሮ ራሱ የዶቃ ሥራ ነው። ቢራቢሮ በጣታችሁ ስትይዙ ጣታችሁ ላይ የሚቀረውን አቧራ ታውቁታላችሁ። አቧራ አይደለም። የክንፉ ቅርፊት ነው። ክንፉ በራሱ ስስና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ በላዩ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቅርፊቶች እንደ ጣሪያ ክዳን ረድፍ በረድፍ ተደራርበው ተሰክተዋል። እያንዳንዷ ቅርፊት በአብዛኛው አንድ ቀለም ብቻ አላት። ከሩቅ ዓይን፣ መስመር፣ ጠቃጠቆ ሆኖ የሚታየን ነገር በቅርብ ሲታይ የጥቁር ቅርፊት ረድፍ፣ የቢጫ ቅርፊት ረድፍ፣ መሐል ላይ ጥቂት የቀይ ቅርፊት ነው። ዶቃ የምትሰካ ሴት ሳታውቀው የምትሠራው ይህንኑ ነው፤ አንድ ዶቃ፣ አንድ ቀለም፣ አንድ ረድፍ። ይህን የተረዳሁ ቀን ቢራቢሮ ለመጥለፍ ከክር ይልቅ ዶቃ ለምን እንደሚቀለኝ ገባኝ። ክር ያፈስሳል፤ ቀለሙ ይቀላቀላል። ዶቃ እንደ ቅርፊቱ ድንበሩን ይጠብቃል።

እንግዲህ የሎሚውን ቢራቢሮ እንሥራ። ዶቃ ስትገዙ ቁጥሩን ጠይቁ፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዶቃው ያንሳል። 11 ቁጥር ለጀማሪ ይበቃል። ጥቁር፣ ቢጫ፣ ጥቂት ቀይና ጥቂት ሰማያዊ ያዙ። ሽቦው ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይሁን፤ ከተቃጠለ ሞተር ጥቅልል የሚወጣው ቀጭኑ ሽቦ ይሠራል፤ በጣት ሲታጠፍ የሚታዘዝ፣ ሲለቁት ቅርጹን የሚጠብቅ መሆን አለበት።

ሽቦውን አንድ ክንድ ያህል ቁረጡ። የመጀመሪያውን ረድፍ 2 ዶቃ ከሽቦው መሐል አድርሱ። ቀጥሎ ለሁለተኛው ረድፍ 3 ዶቃ በአንዱ ጫፍ ክተቱ፤ ከዚያ ሌላውን ጫፍ ከተቃራኒው አቅጣጫ በእነዚያው 3 ዶቃዎች ውስጥ አሳልፉና ሁለቱንም ጫፍ ሳቡ። ረድፉ ከመጀመሪያው ላይ ይጋደማል። እንዲህ እያላችሁ ለፊተኛው ክንፍ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 8፣ 8፣ 7፣ 5 ሂዱ፤ ድምሩ 45 ነው። ለኋለኛው ክንፍ 2፣ 4፣ 5፣ 6፣ 5፣ 3፤ ድምሩ 25። የግራውንም የቀኙንም ስትሠሩ 140 ዶቃ ይሆናል። ለአካሉ 10 ጥቁር ዶቃ ጨምሩና 150 ዶቃ ነው። ቢጫውን የት እንደምትጥሉ እኔ አልነግራችሁም፤ ከሎሚው ሥር ተቀምጣችሁ እዩና ራሳችሁ ወስኑ። ብቻ በግራ አራተኛው ረድፍ ላይ ያደረጋችሁትን በቀኝ አራተኛው ረድፍ ላይ ድገሙት። ቁጥሩን ሳትጽፉ መያዝ ከከበዳችሁ ወረቀት ለሁለት አጥፋችሁ ግማሹን ቢራቢሮ ሳሉ፤ ቆርጣችሁ ስትዘረጉት ሁለቱ ጎን እኩል ይወጣል።

ከዚያ ክንፎቹን ከአካሉ ጋር ስታስሩ የአክስቴን ቃል አስታውሱ። አራቱም ከደረት። ከ10ሩ የአካል ዶቃ ከራሱ ቀጥሎ ያሉት ሁለትና ሦስት ዶቃዎች ደረት ናቸው፤ ሽቦውን እነዚያ መሐል ጠምዝዙት። የቀረው ሽቦ ወደ ፊት ሁለት አንቴና ይሁን፤ ጫፉን ጥቂት አዙሩት፤ የቢራቢሮ አንቴና ጫፉ ላይ ወፈር ይላል። ሲያልቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። እውነተኛው ክንፉን ሲዘረጋ ከ10 ሳንቲ ሜትር ስለሚበልጥ የሠራችሁት ሲሶውን ነው።

በጨርቅ ላይ ለምትሰፉ ደግሞ መርፌው ቀጭን ይሁን፤ የተለመደው የጥልፍ መርፌ በዶቃው ቀዳዳ አያልፍም። ክሩ እንዳይበጠስና እንዳይወሳሰብ ከመጀመራችሁ በፊት በሰም ላይ ሳቡት። ጎጃም የማር አገር ነው፤ የጧፍ ሰም የማይገኝበት ቤት የለም። በየአምስቱ ዶቃ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አንዴ ቋጥሩ፤ ያለዚያ አንዱ ሲፈታ ሁሉም ይበተናል። ይህን ምክር የምሰጠው በዓል ዋዜማ ላይ አንድ ሙሉ ክንፍ ከቀሚሴ ላይ ተበትኖ ከወለሉ ላይ ስለቃቅም ያመሸሁ ሰው ሆኜ ነው።

አንዲት እናት ቅድም ስንገባ «ይህ ቢራቢሮ ሎሚዬን የሚበላው አይደለም ወይ?» ብላ ጠይቃኛለች። ነው እናቴ። ቢራቢሮዋ በሎሚና በብርቱካን ቅጠል ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፤ የሚፈለፈለው አባጨጓሬ በልጅነቱ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፤ ቅጠሉን ይበላል። ትልቅ ዛፍ ይችለዋል፤ ችግኝ ላይ ካገኛችሁት በእጅ ልቀሙት። አንዱን ግን ከነቅጠሉ በማሰሮ አስቀምጡና ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው። በሐር ክር ወገቡን ከግንዱ ጋር አስሮ ቆዳውን ሲጥል ያዩታል። ቢራቢሮ ራሱ ክር ያውቃል። የምንጠልፍበት ሐርም የቅርብ ዘመዱ የእሳት እራት ልጅ የፈተለው ነው፤ በአገራችን በጉሎ ቅጠል የሚረባ የሐር ትል አለ፤ በመልካሣ የግብርና ምርምር ማዕከል ብዙ ተሠርቶበታል፤ ጉሎ ደግሞ በየአጥራችን ሥር በራሱ ይበቅላል።

ሌላም ቢራቢሮ አለን፤ ብርቱካንማ፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር፣ በጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ያለው። በየመንገዱ ዳር ዝቅ ብሎ ይበራል፤ አይቸኩልም። አባጨጓሬው መርዛማ ወተት ያላቸውን ተክሎች ስለሚበላ ሥጋው ይመራል፤ ወፍ ይተወዋል። ለጀማሪ ከሁሉ የሚቀለው እሱ ነው፤ ሦስት ቀለም ብቻ ይፈልጋል።

አሁን ስለ አበባ። ጽጌረዳን አልጠላም፤ ነገር ግን የትራስ ልብሳችን ሁሉ ጽጌረዳ የሆነው ንድፍ ስንቀዳ ስለኖርን ነው። አደይን ቁጠሩ። በዙሪያዋ ያሉት ቢጫ ቅጠሎች ብዙውን ጊዜ ስምንት አካባቢ ናቸው። እኛ አንዲት አበባ የምንላት አደይ በእውነቱ የብዙ አበባ ጉባኤ ናት፤ መሐሏ ላይ ያለው ክብ እያንዳንዱ ነጥብ ለብቻው አበባ ነው፤ ከዳር ያሉት ስምንቱም እንዲሁ። ስለዚህ መሐሏን በአንድ ቢጫ ክብ ሞልቶ መተው ስሕተት ነው። ክሩን በመርፌው ላይ ሁለት ጊዜ ጠምዝዛችሁ በወጣበት አጠገብ መልሳችሁ ውጉ፤ ትንሽ ቋጠሮ ይቀራል። ያንን ቋጠሮ ደጋግማችሁ መሐሉን ሙሉ፤ ከመሐሉ ጠቆር ያለ፣ ወደ ዳር ደማቅ። ወይም ቋጠሮውን ትታችሁ ቢጫና ቡናማ ዶቃ አድርጉበት። ከዳር ላሉት ስምንቱ እያንዳንዳቸው አንድ የክር ቀለበት፣ ጫፉ ላይ አንድ ስፌት። ልብሳችን ላይ እየተሰፋ እቤት ድረስ የሚከተለን ጭጎጎት የአደይ ዘመድ ነው፤ እሱም ያለ መርፌ መስፋት ያውቃል።

ኑግም የዚያው ቤተሰብ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ማሳው ቢጫ ሲለብስ በአውቶቡስ መስኮት ታያላችሁ፤ ወርዳችሁ ግን አንዷን አበባ በእጃችሁ ይዛችሁ ታውቃላችሁ? የተልባ አበባ ደግሞ ሰማያዊ ናት፤ አምስት ቅጠል ብቻ፤ ጠዋት ትከፈታለች፤ ቀን ሲሞቅ ትረግፋለች። ጠዋት ያላያት ሰው ሊጠልፋት አይችልም። የበርበሬ አበባ ትንሽና ነጭ ነች፤ አንገቷን ወደ መሬት ትደፋለች። ይህ አገር በበርበሬው በሩቅ ይታወቃል፤ በርበሬ ፍሬውን ያላየ የለም፤ አበባውን በነጭ ዶቃ ሠርቶ ቀሚስ አንገት ላይ ያደረገ ግን አላጋጠመኝም። ነጭ ዶቃ በነጭ ጨርቅ ላይ አይታይም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ሥሩን በአረንጓዴ ክር ጥለፉና ነጩን በላዩ ላይ አስቀምጡት።

ስለ ዋጋ ሳልናገር ብሄድ ሥራውን በድዬዋለሁ። ከላይ የቆጠርነውን ቢራቢሮ ውሰዱ፤ 150 ዶቃ። አንዱን ዶቃ ፈልጎ፣ ሰክቶ፣ ሽቦውን በተቃራኒ አሳልፎ ለመሳብ 20 ሰከንድ ቢፈጅ 3,000 ሰከንድ ነው፤ 50 ደቂቃ። የማሰሩና የማስተካከሉ ጊዜ ሲጨመር ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። ይህም ለለመደች እጅ ነው። ገበያ ላይ ግን ገዢው የሚጠይቀው ዶቃው ስንት እንደ ተገዛ ነው። የዶቃውን ዋጋ ከፍሎ የሰዓቷን ሳይከፍል ሊሄድ ይፈልጋል። እኅቶቼ፣ ሰዓታችሁን ጻፉ። የጀመራችሁበትንና የጨረሳችሁበትን ጊዜ በወረቀት ያዙ፤ ለገዢው አሳዩት። የሚከፍል ሰው ያኔ ይከፍላል፤ የማይከፍለውን መልሱት።

በአዲስ አበባ ከአለርት ጋር የተያያዘ የእጅ ሥራ ቦታ አለ። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምና፣ ሥልጠናና ተሐድሶ የተቋቋመ ነው። እዚያ በበሽታው እጃቸው የተጎዳ ሰዎች ጥልፍ ይጠልፋሉ፤ የትራስ ልብስ፣ የግድግዳ ጨርቅ፣ የጠረጴዛ ልብስ። ሥጋ ደዌ ነርቭን ያጠፋል፤ ጣት ስሜት ያጣል፤ ስሜት ለሌለው ጣት መርፌ አደገኛ ነገር ነው፤ ሲወጋው አያውቅም። እነዚያ ሰዎች የሚጠልፉት በጣታቸው እየዳሰሱ አይደለም፤ እያንዳንዱን ስፌት በዓይናቸው እየተከተሉ ነው። ሥራቸውን ያየ ሰው በሐዘኔታ አይገዛውም፤ ስለሚያምር ይገዛዋል። እኛ ሙሉ ጣት ይዘን «ዓይኔ ደከመ፣ ክሩ ቀጠነ» ስንል እነሱን ላስባቸው እወዳለሁ።

ወጣቶች ደግሞ ነገሩን ወደፊት መውሰድ ትችላላችሁ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ ከዚህ የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይደለም። እዚያ የምትማር ልጅ ካላችሁ ለዕረፍት ስትመጣ ባዶ እጇን አትመልሷት። የኑግና የተልባ አበባ ንድፍ፣ የእናቷን የመሶብ ቀለም ቁጥር አስይዛችሁ ስደዷት። መምህሮቿ በመጽሐፍ ሊሰጧት የማይችሉት ይህንን ነው።

ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር ልመለስ። የእቴጌ ጥሩነሽን ቀሚስ የጠለፈው እጅ ስም የለውም። እኔም ያቺን የመጀመሪያዬን የትራስ ልብስ ዛሬ ድረስ አስቀምጫታለሁ። ካረምኳት በኋላ፣ ክንፎቹን ፈትቼ ከደረት ላይ መልሼ ከጠለፍኳቸው በኋላ፣ አክስቴ ጨርቁን ገልብጣ ጀርባውን አየችው። ባለሙያ ሁሌም ጀርባውን ያያል። «አሁን ይበርራል» አለችኝ። ስሟን በዚያ ጀርባ ላይ መጥለፍ ይገባኝ ነበር፤ አላደረግሁትም። ከሞተች በኋላ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው በቢጫ ክር የጻፍኩት።

ዛሬ ማታ እቤታችሁ ስትገቡ ሳጥናችሁን ክፈቱ። የእናታችሁ፣ የአያታችሁ፣ የአክስታችሁ ጥልፍ ካለ አውጡት። ጨርቅ አድርጋችሁ መስኮት አትወልውሉበት። ገልብጡትና በጀርባው ላይ፣ በአንዱ ጥግ፣ የጠለፈችውን ሴት ስምና የሠራችበትን ዓመት በክር ጻፉ። በሕይወት ካለች እሷኑ ጠይቋትና ራሷ ትጻፈው፤ ፊደል ካልቆጠረች እናንተ በእርሳስ ጻፉላትና እሷ በላዩ ትጥለፈው። መርፌ፣ ክርና ሰም በግራ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ለሁላችሁም ይበቃል።